ፎቶን በሲኤንሲ ራውተር ሊቶፌን አድርጎ መቅረጽ

ሊቶፌን በእጅ ሲያዝ ብዙም አይማርክም። ነጭ ሰሌዳ ነው፤ ላዩ ወጣ ገባ ያለ። ከበስተጀርባው መብራት ሲበራ ግን ፎቶው ፍንትው ብሎ ይወጣል። የፊት ጥላ፣ የፀጉር ዘለላ፣ የልብስ እጥፋት ሁሉ ይታያል። ቀለም የለም፣ ህትመት የለም። ምስሉን የሚሠራው የሰሌዳው ውፍረት ብቻ ነው። የሳሳው ቦታ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ይነጣል። የወፈረው ቦታ ብርሃኑን ስለሚያስቀር ይጠቁራል።

ሙያው የቆየ ነው። በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓ ውስጥ በፖርሴሊን ይሠራ ጀመር፤ ፈረንሳዊው ባሮን ፖል ደ ቡርግዋን በ1827 የፈጠራ መብት አወጣበት። የዚያን ጊዜ ባለሙያ መስታወት ላይ ሰም ያነጥፋል። ከመስታወቱ ጀርባ ብርሃን አስገብቶ ሰሙን እየፋቀ፣ የሚወጣውን ምስል በዓይኑ ይከታተላል። ከጠቆረበት ይፍቃል፣ ከነጣበት ሰም ይጨምራል። ከዚያ ቅርጹን በጂፕሰም ወስዶ በፖርሴሊን ያወጣዋል።

ሲኤንሲ ራውተር፣ ማለትም በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ መቅረጫ ማሽን፣ ዓይን የለውም። የተሰጠውን ቁጥር ተከትሎ ይቆርጣል እንጂ «እዚህ ጋ ጠቁሯል» አይልም። ስለዚህ ያ ባለሙያ እየፋቀ ይወስን የነበረውን ሁሉ፣ እኛ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት በቁጥር መጨረስ አለብን። የቁጥሮቹ ሁሉ መነሻ አንድ ነው፦ ከቆረጣው በኋላ ሰሌዳው ላይ የሚቀረው ውፍረት። ስንት ሚሊ ተቆረጠ የሚለው ለብርሃኑ ጉዳዩ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ያንን ቀሪ ውፍረት በትክክል ለማግኘት የሚደረጉ ናቸው።

ምን ላይ ይቀረጽ?

የሚፈለገው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ግን ወዲያ ማዶ የማያሳይ ነገር ነው። እኔ የማስቀድመው ነጭ ኮሪያን ነው። ኮሪያን ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ጠረጴዛ የሚውል ሰሌዳ ሲሆን ዱፖንት የተባለው ኩባንያ በ1960ዎቹ ያወጣው ነው። አክሪሊክ ሙጫና የማዕድን ዱቄት ተደባልቀው ይሠራል። ዱቄቱ ብርሃኑን ይበትነዋል። ስለዚህ ውፍረት በጨመረ ቁጥር ጥቁረቱ በእርጋታ ይጨምራል፤ ለፊት ገጽታ ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው እርጋታ ነው። ለእንጨት በምትጠቀሙበት ቢት (ማሽኑ ላይ የሚገጠመው መቁረጫ ስለት) ያለ ችግር ይቆረጣል። ሌሎች ኩባንያዎች የሚያወጧቸው ተመሳሳይ ሰሌዳዎችም ይሠራሉ።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው በ6 እና በ12 ሚሊ ነው። ለዚህ ሥራ 6 ሚሊው ይሻላል፤ በ12ቱ ላይ ግማሹን ሰዓት የሚበላው ትርፍ ማንሳት ነው። ጥርት ያለ ነጭ ምረጡ። ነጠብጣብ ያለበት ሰሌዳ መብራት ሲበራ ነጠብጣቡ ፊት ላይ እንደ ማድያት ይወጣል።

አክሪሊክም ይሆናል፤ ግን ወተት መሳይ ነጩ ብቻ። ጥርት ያለው አክሪሊክ ብርሃን ስለማያስቀር ምስል አይሰጥም። በሻጋታ የሚፈሰውን ካስት አክሪሊክ ምረጡ፤ ኤክስትሩድድ የሚባለው በቀላሉ ቀልጦ ቢቱ ላይ ይጠመጠማል። ነጭ ኤችዲፒኢ ፕላስቲክ ደግሞ ጭገር እያወጣ ስለሚያስቸግር ለጥቃቅን ዝርዝር አልመክረውም።

ስለ ብናኙ አሁኑኑ ልበል። የኮሪያን ብናኝ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በቤቱ ሁሉ ይበተናል። ቫኪዩም ከቢቱ አጠገብ ይኑር፣ ለብናኝ የተሠራ ማስክ አድርጉ፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያም አይረሳ። ሥራው ሰዓታት የሚወስድ ስለሆነ «ለትንሽ ጊዜ ነው» የሚባል ነገር የለውም።

ፎቶው

ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል። ከአንድ ወገን ለስላሳ ብርሃን ያረፈበት የፊት ፎቶ ከሁሉ ይበልጣል። በፍላሽ ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ጥላ ስለሌለው ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። የብዙ ሰው ፎቶም ከባድ ነው፤ እያንዳንዱ ፊት ትንሽ ስለሚሆን ቢቱ ዓይንና አፍ ውስጥ መግባት አይችልም።

ፎቶውን በጊምፕ ወይም በፎቶሾፕ ክፈቱና ከሁሉ በፊት ወደ 16 ቢት ቀይሩት (ይህ ቢት የምስል መረጃ መለኪያ ነው እንጂ መቁረጫው አይደለም)። 8 ቢት ምስል 256 የግራጫ ደረጃዎች ብቻ አሉት። ንፅፅሩን ወዲያ ወዲህ ስትስቡት ደረጃዎቹ እየተዘለሉ ያልቃሉ፤ ሰማይና ጉንጭ ላይ እንደ ደረጃ ሆነው ይቀረጻሉ። ቀጥሎ ወደ ግራጫ ለውጡት።

ከዚያ ጥራጥሬውን አጥፉ። ጨለማ ውስጥ የተነሱ ፎቶዎች ላይ የሚታየው ያ ጥራጥሬ ለዓይን ትንሽ ነገር ይመስላል። ለማሽኑ ግን እያንዳንዷ ነጥብ ጉድጓድ ወይም ጉብታ ናት። ዜድ ሞተሩ፣ ማለትም ቢቱን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ሞተር፣ ያለ ዕረፍት ሲንዘፈዘፍ ይውላል፣ የተቀረጸው ቆዳም ሻካራ ይሆናል። ጥራጥሬ ማጥፊያውን ተጠቀሙ፤ በመጨረሻም ምስሉን በ1 ፒክስል ያህል አደብዝዙት። ስክሪን ላይ የሳሳ ቢመስልም ሰሌዳው ላይ ይጠቅማል።

ከበስተጀርባ ያለውን ዝብርቅርቅ አውጡና መካከለኛ ግራጫ አልብሱት። ንጹሕ ነጭ አታድርጉት። ሰፊ ነጭ ማለት ሰፊ የሳሳ ሰሌዳ ማለት ነው፤ ይሰበራል፣ የቢቱ መስመሮችም በጣም ጎልተው የሚታዩት እዚያው ነው። ሰፊ ድፍን ጥቁርም ያለ ዝርዝር የሚቀር ቦታ ስለሆነ ፀጉርና ጥቁር ልብስ ውስጥ ያለውን ብርሃን ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ስትጨርሱ በፒኤንጂ ወይም በቲፍ አስቀምጡ። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ስለሚጨምቀው፣ በጣም ከተጨመቀ አራት ማዕዘኖቹ ራሳቸው ይቀረጻሉ።

መጠኑና ቢቱ

ለማጠናቀቂያው የሚሆነው ጫፉ ክብ፣ አካሉ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ሾጣጣ ቢት ነው። ቦልኖዝ ይሉታል። የጫፉ ሬዲየስ 0.5 ሚሊ የሆነው ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። 0.25 ያለው የበለጠ ዝርዝር ይሰጣል፤ ግን ቶሎ ይሰበራል፣ መስመሮቹም መቀራረብ ስላለባቸው ሰዓቱ ይረዝማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ነጭ ነጥብ ማለት ጉድጓድ ነው፤ ቢቱ ውስጡ መግባት አለበት። ጥቁር መስመር ግን ጉብታ ስለሆነ ቢቱ በግራና በቀኙ እያለፈ ይተወዋል። ስለዚህ በ0.5 ሬዲየስ ቢት፣ ማለትም ጫፉ 1 ሚሊ በሚሰፋ ቢት፣ ከ1 ሚሊ የቀጠነ ነጭ ነገር ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። በዚያው ልክ የቀጠነ ጥቁር ነገር ግን ይተርፋል። ቅንድብና ሽፋሽፍት በደንብ ይወጣሉ። የዓይን ብልጭታና የሽበት ዘለላ ናቸው የሚቸግሩት።

የፊት ሕይወት ያለው ደግሞ በዓይን ብልጭታ ነው። እሷ እንዳትጠፋ ፊቱ ከአገጭ እስከ ግንባር ቢያንስ 70 ሚሊ ይሁን እላለሁ። እንዲያ ሲሆን ዓይን ወደ 10 ሚሊ ትሰፋለች፣ ብልጭታዋም ቢቱ የሚገባባት ያህል ትሆናለች። ካነሰች ፎቶው ላይ በብሩሽ ትንሽ አስፏት። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሰም ጠራቢውም ያደርገው የነበረ ነገር ነው።

የምስሉ ጥራት ብዙ አያስጨንቅም። ለአንድ ሚሊ 10 ፒክስል በቂ ነው። 150 በ100 ሚሊ ለሆነ ሥራ 1500 በ1000 ፒክስል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ፋይሉን ከማክበድ በቀር ለቢቱ ትርጉም የለውም።

መጀመሪያ መሰላል ቅረጹ

ይህን እርምጃ አትዝለሉ። ፎቶውን ከመንካታችሁ በፊት ከዚያው ሰሌዳ 100 በ20 ሚሊ የሆነ ቁራጭ ውሰዱና አሥር ደረጃዎች ቅረጹበት። የመጀመሪያው ደረጃ 0.4 ሚሊ ይቅር፣ ሁለተኛው 0.8፣ ሦስተኛው 1.2፣ እንዲህ እያለ አሥረኛው 4 ሚሊ። በእያንዳንዱ ላይ ውፍረቱን በእርሳስ ጻፉ። በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ለክታችሁ ያገኛችሁትን እንጂ ሶፍትዌሩ ላይ ያዘዛችሁትን አትጻፉ።

አሁን መሰላሉን ለመጨረሻው ሥራ በምትጠቀሙበት መብራት ፊት አቁሙት። ሌላ አምፖል አይሆንም። ክፍሉን አጨልሙና ሦስት ነገር ፈልጉ።

አንደኛ፣ ጥቁረቱ የሚያቆምበትን ደረጃ። ከአንድ ውፍረት በኋላ ሁሉም እኩል ጥቁር ይመስላሉ። ያ የእናንተ ትልቁ ውፍረት ነው፤ ከዚያ በላይ መተው ጥቅም የለውም። ሁለተኛ፣ በነጭ በኩል በጣት ጫን ሲባል የማይታጠፍና የማይሰነጠቅ፣ ግን በደንብ የሚያበራ ደረጃ። ያ ትንሹ ውፍረት ነው። በኮሪያን ላይ ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 1 ሚሊ ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሦስተኛ፣ ስክሪን ላይ 50 በመቶ ግራጫ ክፈቱና ከደረጃዎቹ የትኛው እሱን እንደሚመስል ተመልከቱ።

ሦስተኛው ለምን አስፈለገ? ብርሃን ውፍረትን በእኩል መጠን አይከተልም። አንድ ሚሊ ሰሌዳ ብርሃኑን በግማሽ ቢቀንሰው፣ ሁለተኛው ሚሊ የቀረውን ግማሽ እንደገና በግማሽ ይቀንሰዋል፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። አንድ ስምንተኛ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ግን ግራጫን ወደ ውፍረት የሚለውጠው በቀጥታ መስመር ነው። በዚህ የተነሳ መካከለኛው ግራጫ፣ ማለትም የቆዳው ቀለም፣ ከሚገባው በላይ ሊጠቁር ይችላል።

በምሳሌ እንየው። ትንሹ ውፍረት 0.8፣ ትልቁ 3.6 ሆኖ አገኛችሁ እንበል። በቀጥታ መስመር ከሄደ 50 በመቶ ግራጫ 2.2 ሚሊ ላይ ያርፋል። መሰላሉ ላይ ግን ግማሽ ግራጫ የሚመስለው 1.6 ሚሊው ደረጃ ነው። ከ3.6 ላይ 1.6 ሲነሳ 2 ይቀራል፤ ለጠቅላላው 2.8 ሲካፈል 0.71 ይሆናል። እንግዲህ በፎቶ ማስተካከያው ከርቭ (ብርሃንና ጥላ የሚስተካከልበት መስመር) ላይ 50 በመቶ የነበረውን ነጥብ ወደ 71 በመቶ ከፍ ታደርጋላችሁ። ስክሪኑ ላይ ፎቶው የገረጣ ይመስላል። አትደንግጡ፤ ሰሌዳው መልሶ ያጠቁረዋል።

መሰላሉን አትጣሉት። ሰሌዳውን ወይም መብራቱን እስክትቀይሩ ድረስ ያገለግላችኋል።

ከግራጫ ወደ ውፍረት

ለዚህ የሚሆኑ ሶፍትዌሮች ብዙ ናቸው። የቬክትሪክ ኩባንያ ፎቶቪካርቭ ለዚሁ የተሠራ ነው፤ አስፓየርም ከፎቶ ቅርጽ ያወጣል። በነጻ የሚፈልግ በብሌንደር ፎቶውን ወደ ቅርጽ ቀይሮ በሌላ የካም ሶፍትዌር፣ ማለትም ቅርጹን ወደ ቢት ጉዞ በሚለውጥ ሶፍትዌር፣ መንገዱን ማውጣት ይችላል። የትኛውም ቢሆን አራት ነገር ይጠይቃችኋል።

ትንሹና ትልቁ ውፍረት፤ ከመሰላሉ አገኛችሁት። ቀጥሎ አቅጣጫው። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ነጭን ከፍታ አድርገው ይወስዳሉ፤ ለሊቶፌን ግን ጥቁሩ ነው ከፍታው። ስለዚህ ምስሉ መገልበጥ አለበት። ሊቶፌን የሚል ምርጫ ያለው ሶፍትዌር ራሱ ይገለብጠዋልና እናንተ ደግማችሁ እንዳትገለብጡት። በሶፍትዌሩ ማሳያ ላይ ፀጉርና የዓይን ብሌን ጉብ ብለው፣ ግንባር ጎድጎድ ብሎ ከታየ ትክክል ነው።

ሦስተኛው የመስታወት ግልባጭ ነው። የተቀረጸው ጎን ወደ ተመልካቹ ከዞረ ፎቶው እንዳለ ይቀረጽ። ለስላሳው ጀርባ ወደ ተመልካቹ እንዲዞር ከፈለጋችሁ ግራና ቀኙን ቀይሩ። ፎቶው ውስጥ ጽሑፍ ካለ ስህተቱ ወዲያው ስለሚጋለጥ በተለይ አስቡበት።

የመጨረሻው ክፈፍ ነው። በዙሪያው ከ8 እስከ 10 ሚሊ የሚሰፋ ያልተቆረጠ ጠርዝ ተዉ። ሰሌዳውን ያጠነክረዋል፤ ቢት ስትቀይሩም ዜድን እንደገና ለመለካት ሳይነካ የቀረ ቦታ ይሆናችኋል። በክፈፉና በምስሉ መካከል 3 ሚሊ ያህል ክፍተት ይኑር፣ አለዚያ የሾጣጣው ቢት ወፍራሙ ክፍል ግድግዳውን ይፍቃል።

ማንጠፍ፣ ማጣበቅና የዜድ ዜሮ

ጥሩ ፎቶ፣ ጥሩ ቢትና ጥሩ ሰሌዳ ይዞ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በሌላ የቅርጽ ሥራ 0.1 ሚሊ ስህተት ማንም አያየውም። 0.8 ሚሊ በሆነ ሰሌዳ ላይ ግን ከስምንት አንድ እጅ ነው፤ መብራት ሲበራ አንድ ጉንጭ ከሌላው ጠቁሮ ይታያል።

ስለዚህ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ኤምዲኤፍ አንጥፉና በዚያው ማሽን፣ ሰፋ ባለ ጠፍጣፋ ቢት ላዩን በስሱ አስተካክሉት። ማሽኑ ራሱ የጠረበው ስለሆነ ከቢቱ እንቅስቃሴ ጋር ትይዩ ይሆናል። ኤምዲኤፍ እርጥበት ስቦ ስለሚያብጥ ይህን ቀድማችሁ ለሌላ ሳምንት አታሳድሩት፤ ከቆረጣው በፊት አድርጉት።

ሰሌዳውን በክላምፕ (ማጥበቂያ) ብቻ መያዝ አይበቃም። ክላምፕ ዳርና ዳሩን ይዞ መሃሉን ያስነሳል። የምወደው ዘዴ ይህ ነው፦ የቀለም ሠሪዎችን የወረቀት ፕላስተር ኤምዲኤፉ ላይ ለጥፉ፣ ሌላ ከሰሌዳው ጀርባ ለጥፉ፣ በሁለቱ መካከል ሱፐር ግሉ አድርጋችሁ አጣብቁ። ፕላስተሮቹ እንዳይደራረቡ ጎን ለጎን አስኪዷቸው። ከባድ ነገር ጫኑበትና እስኪደርቅ ጠብቁ። ሲያልቅ ፕላስተሩ ስለሚላጥ ሙጫው ሰሌዳውን አይነካም።

አሁን ዜድ። አብዛኛው ሰው የሰሌዳውን የላይኛ ፊት ዜሮ አድርጎ ወደ ታች ይቆርጣል። ሰሌዳው 6 ተብሎ 6.2 ከሆነ ያ 0.2 ትርፍ ሆኖ በቀሪው ውፍረት ላይ ይጨመራል። እኛን የሚያሳስበን ደግሞ ቀሪው ነው። ስለዚህ ዜሮው የሰሌዳው ጀርባ ይሁን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከማጣበቃችሁ በፊት የክፈፉን አንድ ጥግ በካሊፐር ለኩ፤ 6.1 ሆነ እንበል። ከተጣበቀ በኋላ ቢቱን እዚያው ጥግ ላይ ላዩን አስነኩት። ከዚያ መቆጣጠሪያው ላይ «ዜድ ዜሮ» ከማለት ፈንታ «ዜድ አሁን 6.1 ነው» ብላችሁ አስገቡ። በቃ። ዜሮው በትክክል የሰሌዳው ጀርባ ላይ ወደቀ፤ የፕላስተሩና የሙጫው ውፍረት ስንትም ቢሆን ከስሌቱ ወጣ። ፋይሉ ውስጥ 0.8 ያለው ቁጥር ሰሌዳው ላይም 0.8 ሆኖ ይቀራል።

ይህን ስታደርጉ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ካም ሶፍትዌሩም ዜሮው ከታች እንደሆነ ይወቅ። ደግሞ ቢቱ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወርበት ከፍታ ከሰሌዳው በላይ መሆኑን አረጋግጡ። ዜሮው ከታች ሆኖ የዝውውሩ ከፍታ 5 ከተባለ፣ ቢቱ 6.1 ሚሊ በሆነው ክፈፍ ውስጥ እየጎረጎረ ያልፋል። 12 በሉት። ዜድን ከመለካታችሁ በፊት ስፒንድሉን (ቢቱን የሚያዞረውን ሞተር) ለ10 ደቂቃ ያህል አዙሩት፤ ሲሞቅ ስለሚረዝም በቀዝቃዛው የተለካ ዜድ በመሃል ይቀየራል።

ሻካራው ቆረጣ

ቀጭኑ ቢት ትርፉን ሁሉ እንዲያነሳ ከተተወ ይሰበራል። ስለዚህ በ3 ሚሊ ጠፍጣፋ ቢት፣ በአንድ ጊዜ 1 ሚሊ እየወረዳችሁ፣ ከመጨረሻው ቅርጽ 0.4 ሚሊ አስቀርታችሁ አንሱት። በደቂቃ 16000 ዙርና 1200 ሚሊ የጉዞ ፍጥነት ለኮሪያን ጥሩ መነሻ ነው። ማሽናችሁ ደካማ ከሆነ ጥልቀቱን ቀንሱ። ሲያልቅ ብናኙን ጥረጉ፣ ቢቱን ቀይሩ፣ ያንኑ ጥግ አስነክታችሁ እንደገና 6.1 በሉ።

ማጠናቀቂያው

ቢቱ ምስሉን እንደ ጽሑፍ መስመር በመስመር ይሄድበታል። ዋናው ውሳኔ የመስመሮቹ ርቀት ነው። ክብ ጫፍ ያለው ቢት በሁለት መስመሮች መካከል ትንሽ ሸንተረር ይተዋል። ቁመቱ የርቀቱ ካሬ ለሬዲየሱ 8 እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ0.5 ሬዲየስና በ0.2 ሚሊ ርቀት 0.01 ሚሊ ይሆናል። ከላይ ያለው 2.8 ሚሊ ጥልቀት ለ255 ሲካፈል ደግሞ አንዱ የግራጫ ደረጃ 0.011 ሚሊ ነው። ሸንተረሩ ከአንድ የግራጫ ደረጃ ያነሰ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 0.2 በቂ ነው። ወደ 0.1 ማውረድ ሰዓቱን እጥፍ ያደርጋል፤ ዓይን የሚያየው ለውጥ ግን ትንሽ ነው።

ለዚህ ሥራ ባለ 60 ዲግሪ ቪ ቢት (ጫፉ የሾለ ቢት) የማልመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያው 0.2 ርቀት ቪ ቢት የሚተወው ሸንተረር 0.17 ሚሊ ይደርሳል። በ0.8 ሚሊ ግንባር ላይ ይህ በግልጽ የሚታይ መስመር ነው።

ሰዓቱን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። 100 ሚሊ ቁመት በ0.2 ሲካፈል 500 መስመር። እያንዳንዱ 150 ሚሊ ከሆነ ጠቅላላው 75 ሜትር። በደቂቃ 1500 ሚሊ ከሄደ 50 ደቂቃ። በተግባር ግን ዜድ ሽቅብ ቁልቁል ስለሚል ትንንሽ ማሽኖች ይህን ፍጥነት አይደርሱበትም፤ እጥፉን ጠብቁ። ስፒንድሉን ከ16000 እስከ 18000 ዙር አድርጉት። መስመሮቹ ማሽኑ ቀላሉን ክብደት በሚያንቀሳቅስበት አቅጣጫ ይሂዱ፤ በአብዛኛው ኤክስ፣ ማለትም ግራና ቀኝ የሚሄደው አቅጣጫ ነው።

ፋይሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አጫጭር እንቅስቃሴዎች አሉት። አነስተኛ መቆጣጠሪያ በዩኤስቢ ሲቀበላቸው ሊዘገይ ይችላል፤ ያኔ ቢቱ በመሃል ቆም እያለ እዚያው ነጥብ ያበጃል። ካም ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚፈቀደውን ስህተት ወደ 0.02 ሚሊ ከፍ ብታደርጉት እንቅስቃሴዎቹ ይቀንሳሉ። መቆጣጠሪያው ከኤስዲ ካርድ የሚያነብ ከሆነ ከዚያ ማስኬድ ይሻላል። ኮምፒውተሩ በመሃል እንዳይተኛም ማስተኛውን አጥፉት።

መብራት ሲበራ የሚታዩ ችግሮች

ቀጥ ያለ ጠርዝ፣ ለምሳሌ የአንገት ልብስ ወይም የመነጽር ዘንግ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ከወጣ የማሽኑ ልልነት ነው። ቢቱ ሲሄድና ሲመለስ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። የጉዞ ብሎኑን ነት ወይም ቀበቶውን አጥብቁ። ካልተቻለ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲቆርጥ አድርጉት፤ ሰዓቱ ይረዝማል እንጂ ጥርሱ ይጠፋል።

ምስሉ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው እየጠቆረ ከሄደ ሰሌዳው አልተነጠፈም። በመሃል ድንገት ከአንድ መስመር ጀምሮ ሁሉም ከነጣ ወይም ከጠቆረ ደግሞ ቢቱ ኮሌቱ (ቢቱን ጨብጦ የሚይዘው ቀለበት) ውስጥ ተንሸራቷል፣ አለዚያ ዜድ ሞተሩ እርምጃ ስቷል። ኮሌቱን ከብናኝ አጽዱት። የሞተሩን መሳት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የዜድ ፍጥነት ከአቅሙ በላይ መሰጠቱ ነው። መሃሉ ብቻ የነጣ ከሆነ ፕላስተሩ ለቆ ሰሌዳው ተነስቷል።

ትንሽ የጠቆረ ሥራ ሊድን ይችላል። ገና ከማሽኑ ካልተላቀቀ ዜድን በ0.1 ሚሊ ዝቅ አድርጋችሁ ያንኑ ፋይል ድገሙት። ስለዚህ ከመላቀቁ በፊት መብራት ላይ ማየት ባይቻልም፣ ጥቂት የሳሱ ቦታዎችን ከክፈፉ አንጻር በካሊፐሩ ጥልቀት መለኪያ ለኩ። ከ6.1 ላይ 5.3 ከወረደ 0.8 ቀርቷል።

ማጽዳትና መብራት

ስታላቅቁት ከአንድ ጥግ ቀስ ብላችሁ አንሱ፤ መሃሉን አትጎትቱ። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃል። አሴቶን አክሪሊክን ስለሚበላ አታስነኩት። በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስም ዓይንና ከንፈር ላይ ያለውን ዝርዝር ያጠፋል። ለስላሳውን ጀርባ ግን ደቀቅ ባለው ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት የቧጨረውን ያጠፋል።

መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን። ኤልኢዲ ስትሪፕ በቀጥታ ከጀርባ ከተለጠፈ እያንዳንዷ አምፖል በፊቱ ላይ ነጥብ ሆና ትታያለች። ከስትሪፑ እስከ ሰሌዳው ያለው ርቀት በአምፖሎቹ መካከል ካለው ርቀት አይነስ። በሜትር 60 አምፖል ያለው ስትሪፕ ላይ በሁለት አምፖሎች መካከል 17 ሚሊ ገደማ አለ፤ ስለዚህ 20 ሚሊና ከዚያ በላይ ይኑር። በመካከል ቀጭን ወተት መሳይ አክሪሊክ ቢገባ ብርሃኑ ይበልጥ እኩል ይሆናል። ለፊት ፎቶ 3000 ኬልቪን አካባቢ ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን ያምራል፤ ለመልክዓ ምድር 4000ው ይሻላል።

የሳጥኑን ውስጥ ነጭ ቀቡት። በሰሌዳውና በሳጥኑ መካከል ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ግን በጥቁር ፕላስተር ዝጉ። በጠርዝ የሚያመልጥ ብርሃን ዓይንን ስለሚያጥበረብር ጥቁሮቹ ግራጫ ይመስላሉ። የብርሃን መቀነሻ ብትገጥሙለትም ጥሩ ነው። ቀን ከፍ፣ ማታ ዝቅ ታደርጉታላችሁ፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ መሰላሉን ባነበባችሁበት መጠን ላይ ስታስቀምጡት ግራጫዎቹ ባሰላችሁት ቦታ ይገኛሉ።